ስለ «ይማርሽ» አጻጻፍ የወጣ መመሪያ

በ2079 ዓ.ም. በጎሽ ውኃ ከተማ ቁርስ የሚበላው ምክር ከተሰማ በኋላ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሣጥን ይናገራል። ቤተሰቡ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ምክሩ ሲያልቅ ከአዋቂዎቹ አንዱ «ሰምተናል» ይላል። «ሰምተናል» ያላለ ቤት በወሩ መጨረሻ የአልሚ ዱቄት ከረጢት አይደርሰውም። ይህን እንደ ግዴታ የሚቆጥረው ሰው አልነበረም፤ እጅ ታጥቦ ወደ ማዕድ እንደ መቅረብ ተለምዶ ነበር።

በጎሽ ውኃ ሣጥን የሚሰማው ድምፅ የኤልዳና ክንፈ ነበር። ኤልዳና የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ ሠላሳ ሁለቱን ዓመት የጤና ማበልጸግ ባለሙያ ሆና ሠርታለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም። ማለዳ ተነሥታ ፊቷን ከታጠበች በኋላ የመጀመሪያ ሥራዋ ሸንጎውን መክፈት ነበር። ሸንጎ የሚባለው የአገሪቱ የጤና ማበልጸግ ባለሙያዎች በሙሉ የሚጽፉበት የኢንተርኔት መድረክ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ሺህ አባላቱ አብዛኞቹ በአካል ተያይተው አያውቁም። ባለሙያው መጀመሪያ ከጽሑፍ ደንቡ ሃምሳ ሦስት አንቀጾች በዕጣ የወጡለትን ሦስቱን ጮክ ብሎ ያነብባል፣ «እገዛለሁ» ይላል፣ ከዚያ ይጽፋል። ተጽፎ ያለፈው በማግስቱ በሣጥኑ ይነገራል። ከሸንጎው ውጪ ባለሙያ ከባለሙያ ጋር ስለ ሙያው ማውራት ፈቃድ ያስነጥቃል።

ኤልዳና የደንብ ኮሚቴው አባልም ነበረች። ከሰባቱ አባላት ከዋና ከተማ ውጪ የምትኖረው እሷ ብቻ ናት። አንቀጽ ዘጠኝን የጻፈችውም እሷ ናት፤ «ዐይን ምንጭ አይደለም» ይላል። ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። አንድ የሙያ ባልደረባቸው የአንድ ቅጠል ጭማቂ ስኳር በሽታን ሲያድን በዐይኔ በብሌኑ አየሁ ብሎ ጻፈ። የኤልዳና ታላቅ እኅት ሶልያና ጽሑፉን አንብባ መርፌዋን ጣለች። በዘጠነኛው ቀን ቀበሯት። ከሐዘን ስትነሣ ኤልዳና የጻፈችው የመጀመሪያ ነገር ያ አንቀጽ ነበር። ባለሙያ አየሁ ያለውን አይጻፍ፤ ይጻፍ የሚለው ነገር ካለ በሸንጎው ቀድሞ የወጣ ጥናት ቁጥር ይጥቀስ። ሁሉም ትክክል ነው አሉ። ትክክልም ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጎረቤቷ ናርዶስ በአጥሩ በኩል ጠራቻት። ናርዶስ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ባሏ ኪሩቤል ባቡር ሐዲድ ሥራ ሄዶ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ሴት ልጆቿንና ሽማግሌ አባቷን ይዛ ትኖራለች።

«እትዬ፣ እስቲ ነይና ያኔትን እይልኝ። አካሄዷ አላማረኝም።»

ያኔት ዐሥር ዓመቷ ነው። ከደጃፉ እስከ አጥሩ እንድትሄድ ኤልዳና ጠየቀቻት። ልጅቷ ተረከዟን መሬት ሳታስነካ በጣቶቿ ጫፍ መጣች። እግሮቿ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ፣ እጇን ለሚዛን ዘርግታ።

«ያምሻል?»

«አያመኝም። ደርቆ እንቢ ይለኛል እንጂ።»

የናርዶስ አባት፣ አባባ ናታን፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ገንፎ ስለማይወርድላቸው ከአልሚ ዱቄቱ ቀምሰው አያውቁም፣ አጥሚት ነው የሚጠጡት። የልጅ ልጃቸው ተመልሳ እስክትቀመጥ ጠበቁና «ዱቄቱን አምጡልኝ» አሉ። ናርዶስ በእፍኟ አመጣችላቸው። ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉና ጥቂት ቆይተው ተፉት።

«ጓያ ነው» አሉ።

«ጓያ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ናርዶስ።

«እህል ሁሉ በድርቅ ሲጠፋ እሱ ብቻውን የሚበቅል እህል ነው። ትንሽ ቢበሉት ምንም አይል። ቀለብ ካደረጉት ይሰብራል። አጎቴን በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰብሮት እኔ ሳውቀው በሁለት ከዘራ ነበር የሚሄደው። አካሄዱ ይኸው ነው፤ የዚች ልጅ ነው።»

ከረጢቱ ላይ የተጻፈው «ከተሻሻለ ጥራጥሬ የተዘጋጀ» የሚል ብቻ ነበር። ዝናብ ሁለት ዓመት ከራቀ ወዲህ፣ ከግንቦት ጀምሮ፣ ያኔትና የስድስት ዓመት እኅቷ ብሌን ጠዋትና ማታ የሚበሉት እሱኑ ነው። ኤልዳና ተማሪ ሳለች ስለ ጓያ አንድ ገጽ አንብባ ነበር። ከገጹ ያልረሳችው ይህን ነው፦ ቶሎ ከተተወ ሕመሙ ባለበት ይቆማል፤ የሄደው ግን አይመለስም።

«ከዛሬ ጀምሮ ለሁለቱም አትስጫቸው» አለቻት።

«ምን ላብላቸው ታዲያ?»

ኤልዳና ቤቷ ገብታ የነበራትን ማሽላ ግማሹን አመጣችላት።

ሰኞ ጠዋት ስለ ዱቄቱ ጻፈች። ጽሑፉ ወዲያው ተመለሰ፤ «ምንጭ ይጠቀስ» ይላል። ትምህርት ቤት ሄዳ በጣቶቻቸው ጫፍ የሚሄዱ አራት ልጆች አየችና እንደገና ጻፈች። በአንቀጽ ዘጠኝ ተመለሰ። ጥናት እንዲካሄድ አቤቱታ አስገባች። የአቤቱታው ቅጽ ለጥናቱ መነሻ የሚሆን የቀደመ ጥናት ቁጥር ይጠይቃል። ያን ቅጽ ከስምንት ዓመት በፊት ራሷ አይታ አጽድቃዋለች። ያኔ ምንም አልታያትም ነበር።

በሸንጎው ምንጭ የማይጠየቅበት አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የምሕረት ገጽ ይባላል። ባለሙያዎች የታመመ ወዳጅ ወይም ዘመድ ሲኖራቸው «ይማርህ»፣ «ይማርሽ» የሚባባሉበት ነው። ብዙ ሰው አይገባበትም። ኤልዳና ረቡዕ ዕለት እዚያ ገብታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ለያኔት ኪሩቤል፣ የዐሥር ዓመት ልጅ፣ ከጎሽ ውኃ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እግሮቿ ደርቀው በጣቶቿ ጫፍ ትሄዳለች። ሰባት ወር በቀን ሁለት ጊዜ የአልሚ ዱቄት ገንፎ በልታለች። እግዚአብሔር ይማርሽ።»

አለፈላት። ቀጥላም የአራቱን የትምህርት ቤት ልጆች አንድ በአንድ ጻፈች።

በሦስተኛው ቀን አንዲት በስም የማታውቃት ባለሙያ ከሌላ ከተማ «ለአቤኔዘር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ» ብላ ጻፈች። የእግሩን ሁኔታ ጻፈች፣ የበላውን ጻፈች፣ «ይማርህ» ብላ ጨረሰች። ከዚያ ሌላ መጣ። ሰዎቹ እርስ በርስ አንድም ጥያቄ አልተጠያየቁም፣ ዱቄቱን የወቀሰም አልነበረም። እስከ ጥር አጋማሽ ከስድስት ከተሞች አርባ አንድ ልጆች ተጻፉ። ገጹን ከላይ ወደ ታች ያነበበ ባለሙያ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። ከስድስቱ በሁለቱ ከተሞች የጠዋቱ ምክር ስለ ዱቄቱ መናገር ትቶ ስለ እጅ መታጠብ ብቻ ይናገር ጀመር። እዚያ ከረጢቶቹ መጋዘን ውስጥ ተከማቹ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ኢዮስያስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሸንጎው በኩል ለብቻዋ አነጋገራት። ፊቱ ከመስኮቷ አጠገብ ባለው የግድግዳ ስክሪን ላይ መጣ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«እትዬ ኤልዳና፣ ልጆቹ መታመማቸውን አልጠራጠርም» አላት።

«እንግዲያው ዱቄቱን አስቁሙት።»

«በምን ላስቁመው? ያለን ጽሑፍ ሁሉ አየሁ የሚል ነው። እርስዎ የቀበሩትን ሰው እኔም አውቃለሁ። ዛሬ እውነቱ ይግባ ብለን በሩን ብንከፍት፣ ነገ ባለ ቅጠሉ በዚያው በር ይገባል። ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

እውነትም ኤልዳና እነዚህኑ ቃላት ከአንድም ሁለት ጊዜ ተናግራቸዋለች።

«ጥናቱን አስጀምራለሁ» አላት ኢዮስያስ። «አቤቱታውን እኔ እፈርማለሁ፣ በሦስት ወር ያልቃል። ሁለት ነገር ግን ያስፈልገኛል። የምሕረት ገጹ እንዲህ ከቀጠለ አጥኚዎቹ ወሬ የበከለው ጉዳይ ነው ብለው እጃቸውን አያስገቡም። ስለዚህ ገጹ መመሪያ ይውጣለት። እርስዎ ቢጽፉት አባላቱ ይቀበሉታል፤ እኛ ብንጽፈው ይሸሻሉ።»

«ሁለተኛውስ?»

«የጠዋት ምክርዎ በወጣው መርሐ ግብር ይቀጥል፤ ስለ ዱቄቱ ያለውም ጭምር። ወገን የያዘ ባለሙያ ያቀረበው አቤቱታ አይመረመርም።»

ኤልዳና እስከ ሰኞ እንዲሰጣት ጠየቀች። ቅዳሜ አባባ ናታን ዘንድ ሄዳ የተባለውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ፀሐይ እያሞቁ አዳመጧት።

«እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን አትዪ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

እሷ ግን ሦስት ወርን አሰበች። በመንገድ ስታያት የምታለቅሰውን የአንዱን የትምህርት ቤት ልጅ እናት አልነበረም ያሰበችው፤ ያላየቻቸውን ከተሞች ነው። ጥናቱ ካለቀ ዱቄቱ በአንድ ቀን በሁሉም አገር ይቆማል። በምሕረት ገጽ ግን የሚቆመው አስተዋይ ባለሙያ ባለበት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት እሺ አለች።

መመሪያውን በአንድ ቀን ጻፈችው። በምሕረት ገጽ የታማሚው ስም ይጻፋል፤ ዕድሜው፣ የሚኖርበት፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የበላውና የጠጣው አይጻፍም። ቋንቋው ግልጽና ለስላሳ ነበር፣ ጽሑፍ ትችልበታለች። ኮሚቴው አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት፦ ታማሚው ልጅ ከሆነ፣ ክብሩን ለመጠበቅ ሲባል፣ ስሙም አይጠቀስም። ኤልዳና በዚህ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈች። ከየካቲት ጀምሮ የምሕረት ገጹን የከፈተ ሰው የሚያነብበው ይህን ነበር፦

«ይማርሽ። ይማርህ። ይማርህ። ይማርሽ። ይማርህ።»

በየቀኑ ይረዝም ነበር። የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ጥናቱ በሦስት ወር አላለቀም። በሚያዝያ ናሙናው በመንገድ ጠፋ ተባለ፤ በሰኔ አጥኚው ተቀየረ። ኤልዳና በየሳምንቱ ትጠይቃለች፣ ኢዮስያስ በየሳምንቱ በትሕትና ይመልስላታል። ጠዋት ጠዋት መርሐ ግብሩ ያወጣላትን ትጽፋለች። በሳምንት ሦስት ቀን ስለ ዱቄቱ ነው። የጎሽ ውኃን ሰው በአፌ ነግሬዋለሁ ብላ ትጽናና ነበር። በእርግጥ በጥር ወር አርባ ያህል ቤት ዞራ ነግራለች፤ አንዳንዱ «በሸንጎ ወጥቷል?» ብሎ ጠይቋት፣ አልወጣም ስትለው በአክብሮት እስከ በር ሸኝቷታል። ናርዶስ ዘንድ ግን መሄድ ተወች። በሣጥኑ የምትለውንና በአጥሩ ያለችውን ይዛ እዚያ ቤት መቀመጥ አስጠላት። ማሽላ ትልክላት ነበር፣ እሱም በግንቦት አለቀ።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ኤልዳና ልብስ ልታሰጣ ወጣች። በአጥሩ ቀዳዳ ብሌንን አየቻት። ልጅቷ ዶሮ እያባረረች ነበር። በጣቶቿ ጫፍ ነው የምትሮጠው። ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደቀች፣ ተነሥታ እንደገና ወደቀች።

ኤልዳና እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ናርዶስ ግቢ ገባች።

«ዱቄቱን ትሰጫት ነበር?»

«አዎ» አለች ናርዶስ። በርጩማ ላይ ተቀምጣ የያኔትን እግር በዘይት ታሻለች።

«እኔ አትስጫቸው ብዬሽ አልነበር?»

«በታኅሣሥ ነው እንደዚያ ያልሽኝ። ከዚያ ወዲህ በሣጥኑ ስጡ ስትዪ ነው የምሰማሽ። መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ማሽላው ሲያልቅ እንጃ፣ አጣርታ ይሆናል አልኩ። አሁንም መጥፎ ቢሆን ለኔ ሳትነግረኝ አትቀርም አልኩ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ናርዶስ እጇን ከልጅቷ እግር ላይ አነሣች።

«መቼ መጣሽ?» አለች።

አባባ ናታን ከቤት ውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር፤ አልወጡም። ኤልዳና ወደ ግቢዋ ተመለሰች። ልብሱን አላሰጣችውም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ሲሸት ነው ያስታወሰችው።

ጥናቱ የተጀመረ በዐሥራ አንደኛው ወር፣ በታኅሣሥ 2080 ዓ.ም. አለቀ። ዱቄቱ የተሠራው ከጓያ ነው፤ መርዙ ተወግዷል የተባለው አልተወገደም ነበር። በአንድ ቀን በሁሉም አገር ቆመ፣ ኤልዳና እንዳሰበችው። በሸንጎው ዓመታዊ ጉባኤ ዶክተር ኢዮስያስ ሪፖርቱን አነበበ። የተጎዱት ልጆች ቁጥር አርባ አንድ ነው አለ። ቀጥሎም የምሕረት ገጹ መመሪያ ከወጣ በኋላ አንድም አዲስ ታማሚ እንዳልተመዘገበ፣ ይህም አባላት ደንቡን በማክበራቸው የተገኘ ውጤት መሆኑን አነበበ። አባላቱ አጨበጨቡ። ለመመሪያው አዘጋጅ ለወይዘሮ ኤልዳና ክንፈ ምስጋና ይድረስ ተባለ።

ኤልዳና እንድትናገር ዕድል ጠየቀች።

«አርባ አንድ የተባለው እኔና ጓደኞቼ መመሪያው ሳይወጣ የጻፍናቸው ናቸው» አለች። «ከዚያ በኋላ የታመሙትን መጻፍ ስለተከለከለ ነው ያልተጻፉት። የጎረቤቴ ልጅ ብሌን በነሐሴ ታማለች።»

«ተመዝግባለች?» አለ ኢዮስያስ።

«የት ትመዝገብ? የምትመዘገብበትን ቦታ እኮ እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ፤ ያዘነ ይመስል ነበር፣ ምናልባትም አዝኗል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ።

ለአርባ አንዱ ልጆች ከወገብ በታች የሚታሠር መራመጃ ታዘዘላቸው። በጥር ወር አንዱ መራመጃ በካርቶን ታሽጎ ናርዶስ ቤት ደረሰ፤ የያኔት ስምና የቁመቷ ልክ ተጽፎበታል። ኤልዳና ለብሌን ለማስፈቀድ ያላደረገችው የለም። ቅጹ ስሟ በምሕረት ገጽ የወጣበትን ቀን ይጠይቃል። የያኔትን ቀን አስገባች፤ «ለአንድ ጽሑፍ አንድ ታማሚ» ብሎ መለሰላት። በጎሽ ውኃ ብቻ ቤት ለቤት ዞራ ያልተመዘገቡ አሥራ ሰባት ልጆች አገኘች። ስማቸውን በእጇ ጽፋ፣ እናቶቻቸውን በጣት አስፈርማ፣ በሰው እጅ ወደ ዋና ከተማ ላከችው። ከወር በኋላ መልስ መጣላት። ስለ ትጋቷ ያመሰግናትና ምንጭ እንድትጠቅስ ይጠይቃታል።

በዚያ ሳምንት ከኮሚቴውም ከሸንጎውም ወጣች። ሣጥኑ አንድ ቀን ዝም አለ፣ በማግስቱ በሌላ ሴት ድምፅ ቀጠለ። ከጎሽ ውኃ ሰው ለምን እንደተቀየረ የጠየቀ የለም።

ናርዶስ ከነሐሴው ቀን ወዲህ ኤልዳናን እርስዎ ነው የምትላት። አልተጣሉም፤ መንገድ ላይ ስታገኛት ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣታለች፣ ቀድሞ ለባዕድ ታደርግ እንደነበረው።

ብሌን ትምህርት የጀመረችው በመስከረም 2081 ነው፣ አንድ ዓመት ዘግይታ። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ያኔት መራመጃዋን አሥራ ቀድማ ትሄዳለች፤ መራመጃው ከተለካለት ክብደት በላይ ስለማይሸከም እኅቷን ማዘል አትችልም። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ኤልዳና ናርዶስ በር ላይ መጥታ ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታ በርከክ አለች። ናርዶስ ጥቂት አየቻትና ልጅቷን አንሥታ ጀርባዋ ላይ አደረገችላት፣ አንቀልባውንም ራሷ አሠረችው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲሁ ነው። ናርዶስ ልጅቷን ታሳዝላታለች፣ ሁለቱ ሴቶች አይነጋገሩም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ ድንጋይ አለ፤ ኤልዳና እዚያ ታርፋለች። በጥቅምት አንድ ጊዜ ታርፍ ነበር፣ ከጥር ወዲህ ሁለት ጊዜ ነው። ኤልዳና ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ብሌን ስምንት ዓመት ሞልቷታል፣ የምግብ ፍላጎቷ ደኅና ነው፣ በየወሩ ክብደት ትጨምራለች።